ልጆችን ከሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ጋር ለማስተዋወቅ፦ ሞናሊዛ፣ ጋሻው፣ ድልድዩ ወይስ ደብተሩ?

ቅዳሜ ጠዋት የሠፈር ልጆች ሥዕል ለመማር ወደ ግቢያችን ይመጣሉ። ትንሿ አምስት፣ ትልቁ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ስለ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ላስተምራቸው ያሰብኩ ጊዜ ማንም የሚያደርገውን አደረግሁ፦ ሞናሊዛን በትልቁ አሳትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩና «በዓለም ላይ የዚህን ሥዕል ያህል ዝነኛ የለም» አልኳቸው። ለአፍታ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ ቅንድቧን ማን ላጨው?» አለች። ሳቁ፣ ተንጫጩ፤ የዚያን ቀን ትምህርት በዚያው አበቃ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ሰው ለልጆች የማስተዋወቂያ መንገዶችን አንድ በአንድ ሞክሬአለሁ። አንዳንዱ ሰመረ፣ አንዳንዱ ገንዘብና ሙጫ አስጨረሰኝ። ከታች የማነጻጽረው አምስቱን ነው፦ ሥዕሎቹን ማየት፣ የጋሻውን ጭራቅ መሥራት፣ ማሽኖቹን መገንባት፣ የመጨረሻውን እራት በአካል መጫወት፣ የማስታወሻ ደብተሩን መንገድ መከተል። የሚቸኩል ወላጅ ካለ ፍርዴን አስቀድሜ ልንገረው፤ ደብተሩ ይበልጣል። ሌሎቹም ግን ቦታና ዕድሜ አላቸው።

የምመዝንባቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ልጁ እጁን ሥራ ላይ እስኪያሳርፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ዕቃው ቤት ውስጥ ይገኛል ወይ? ለአንድ ልጅ ነው ወይስ ለብዙ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ልጁ በሳምንቱ ማንም ሳያዘው ይመለስበታል ወይ?

ለአስተማሪው የሚበቃ ታሪክ

ሊዮናርዶ የተወለደው ኤፕሪል 15 ቀን 1452 በጣሊያን ቶስካና፣ ቪንቺ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። «ዳ ቪንቺ» የአባት ስም አይደለም፤ እኛ «የጎንደሩ» እንደምንለው «የቪንቺው» ማለት ነው። አባቱ ውል አዋዋይ ነበር፤ ከእናቱ ከካተሪና ጋር አልተጋቡም። ፍሎረንስ ውስጥ በአንድሪያ ዴል ቬሮኪዮ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ቤት ተለማማጅ ሆኖ ሙያውን ተማረ፤ ከዚያ ብዙ ዓመት ሚላን ሠራ፤ ሜይ 2 ቀን 1519 ፈረንሳይ አገር አምቧዝ ውስጥ ሞተ።

ልጆች ዓመት በቁጥር አይገባቸውም፤ በሚያውቁት ሰው ግን ይገባቸዋል። ሊዮናርዶ ሲወለድ እኛ ዘንድ የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነበሩ። እሱ ሚላን ውስጥ በሚሠራበት ዘመን ደግሞ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ሥዕል ይሥል ነበር። ይህን ስነግራቸው ትልልቆቹ ሁልጊዜ ቀና ይላሉ።

አንድ ቁጥር ግን ከሁሉም ይበልጥ ጠቅሞኛል። በእርግጠኝነት የሊዮናርዶ ናቸው የሚባሉ ሥዕሎች ሃያ አይሞሉም። ከማስታወሻዎቹ ግን ከ7,000 በላይ ገጾች ዛሬ አሉ። ሰውዬው የት እንደሚገኝ ከዚህ በላይ የሚያመለክት የለም።

ሥዕሎቹን ማየት

ሞናሊዛ 77 በ53 ሳንቲ ሜትር ናት፤ ሰው እንደሚገምተው ትልቅ አይደለችም። የተሣለችው በሸራ ላይ ሳይሆን በእንጨት ጣውላ ላይ ነው። ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ የምትናገረው ነገር የላትም፤ ቁጭ ብላ የምትመለከት ሴትዮ ናት። አዋቂውን የሚያስደንቀው ነገር፣ ማለትም በጉንጯና በከንፈሯ ጠርዝ ላይ መስመር የሚባል ነገር አለመኖሩ፣ መስመር ማስመር ገና እየተማረ ላለ ልጅ ምኑም አይደለም። ጣሊያኖች ይህን አሣሣል ከጭስ ጋር አዛምደው ስፉማቶ ይሉታል።

ለዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ላለ ልጅ ግን ሁለት መግቢያ አላት። አንደኛው ስርቆቱ ነው። ኦገስት 21 ቀን 1911 ቪንቼንዞ ፔሩጃ የተባለ፣ ፓሪስ ባለው በሉቭር ሙዚየም ሠርቶ የሚያውቅ ጣሊያናዊ ሥዕሉን ከግድግዳ አውርዶ ወጣ። ከሁለት ዓመት በላይ ደብቆ ካቆየው በኋላ ፍሎረንስ ውስጥ ሊሸጥ ሲሞክር በ1913 መጨረሻ ተያዘ። በመካከሉ ሰው ባዶውን ግድግዳ ለማየት ይሰለፍ ነበር። ሁለተኛው መግቢያ የከሰል ሥራ ነው፦ ከምድጃ የወጣ ከሰል፣ ነጭ ወረቀትና አንድ ጣት። «መስመር ሳታሰምሩ ጉንጭ ሥሩ» በሏቸው። በመጀመሪያው ሙከራ ጥቀርሻ የተቀባ ድንች ይወጣል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጉንጭ መምሰል ይጀምራል። ያን ጊዜ ሞናሊዛን መልሰው ሲያሳዩአቸው ማንም ስለ ቅንድብ አያነሣም። ልብስ ማጠቡ ግን የእርስዎ ነው።

ለትንንሾቹ ሥዕል ማሳየት ካለብዎት ሞናሊዛን ይተዉና ፖላንድ፣ ክራኮው ያለችውን ሴት ያሳዩ። ስሟ ቼቺሊያ ጋለራኒ ነው፤ ሊዮናርዶ ሲሥላት ገና ወጣት ነበረች፤ በእጇ ሙጭልጭላ የምትመስል ነጭ እንስሳ ታቅፋለች። እንስሳ ያለበት ሥዕል ልጅን አያሳፍርም። «እንስሳዋ ልታመልጥ ነው ወይስ ተመችቷታል?» ብለው ይጠይቁና ጣቶቿን እንዲያዩ ያድርጉ። ግማሾቹ «ልታመልጥ ነው» ይላሉ፤ ክርክሩ ብቻ ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ አንዱ ልጅ ድመት ወይም ዶሮ ይታቀፍ፤ ሌሎቹ እጁን ብቻ ይሣሉ።

የጋሻው ጭራቅ

ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉት ይህን የሚያህል የለም። ታሪኩን የጻፈው የጣሊያን ሠዓሊዎችን ሕይወት በመጽሐፍ ያሰባሰበው ጆርጆ ቫሳሪ ነው። አንድ ገበሬ ከበለስ እንጨት የተሠራ ክብ ጋሻ ወደ ሊዮናርዶ አባት አምጥቶ ሥዕል እንዲሣልበት ለመነ። አባትየው ለልጁ ሰጠው። ሊዮናርዶ ወደ ክፍሉ እንሽላሊት፣ ፌንጣ፣ እባብ፣ ቢራቢሮ፣ የሌሊት ወፍ ሰበሰበ፤ ከያንዳንዱ አንድ አንድ ነገር እየወሰደ እሳት የሚተፋ አስፈሪ ፍጡር አወጣ። የሞቱት እንስሳት ክፍሉን አከረፉት፤ እሱ ግን ሥራው ላይ ስለነበር አልተሰማውም ይላል ቫሳሪ። አባትየው ሊወስድ ሲመጣ ሊዮናርዶ መስኮቱን አጨልሞ ጋሻውን ማስቀመጫው ላይ አቆመው፤ አባት ገብቶ ሲያይ ደንግጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ለገበሬው ሌላ ተራ ጋሻ ተገዛለት፤ ይኸኛው ግን በድብቅ ለነጋዴ በመቶ ዱካት (የዘመኑ የወርቅ ገንዘብ) ተሸጠ። የአባትየውን ብልጠት ልጆች በጣም ይወዱታል፤ ትንሽ ይበዛባቸዋል እንጂ።

ሥራው ቀላል ነው። ካርቶን በክብ ይቆረጣል። ጭራቁ ከጭንቅላት እንዲፈለሰፍ ግን አልፈቅድም፤ እያንዳንዱ ክፍል ከታየ እንስሳ መወሰድ አለበት። እንደዚያ ካልሆነ ሁሉም ልጅ በቴሌቪዥን ያየውን ጭራቅ ይሥላል፤ ሠላሳ ጋሻ ሠርተን ሠላሳውም አንድ ዓይነት የሆነበት ቀን ነበር። አሁን መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ግቢውን ያስሳሉ። ጥንዚዛ በጠርሙስ ክዳን ይመጣል፣ ፌንጣ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ እስስት ተገኝቶ ክፍሉ በሙሉ ተሸበረ (እንደ ሊዮናርዶ ገድለን አናስቀምጥም፤ አይተን እንለቃለን)። የፌንጣው እግር የት ላይ እንደሚታጠፍ ያየ ልጅ የሚሠራው ጭራቅ በእርግጥ የሚዘል ይመስላል።

ጉድለቱ አንድ ጊዜ ብቻ መሥራቱ ነው። በሳምንቱ «ጋሻ እንድገም» ያለኝ ልጅ የለም።

ማሽኖቹ፦ ድልድይ፣ ፓራሹትና የሚሸጠው ካርቶን

ወላጆች ከሁሉም በፊት የሚጠይቁኝ ስለዚህ ነው። «ልጄ መሐንዲስ እንዲሆን ነው የምፈልገው፤ ሄሊኮፕተሩን አስተምርልኝ» ያሉኝ አሉ። ሊዮናርዶ በ1480ዎቹ የሣለው፣ ሰዎች ሄሊኮፕተር የሚሉት ጠመዝማዛ የአየር ብሎን አልበረረም፤ በሰው ጉልበትም ሊበር አይችልም ነበር። ለልጅ «ሄሊኮፕተርን የፈለሰፈ ሰው» ብሎ መጀመር ውሸት ማስተማር ነው። ከማሽኖቹ አብዛኞቹ በወረቀት ላይ የቀሩ ናቸው፤ እንዲያውም ለልጅ የሚጣፍጠው ይኸው ነው፤ «እስኪ ይሠራ እንደሆነ እንሞክረው» ማለት ይቻላል።

በገበያ የሚሸጡትን ከእንጨት የሚገጣጠሙ ሞዴሎች በተመለከተ ቅሬታ አለብኝ። አንድ ካርቶን ውድ ዋጋ ከፍዬ ገዛሁ፤ ስንከፍተው ሁለት ጥርሳም ጎማ ጎድሎታል፤ መመሪያው ደግሞ ማንኛችንም በማናነብበት ቋንቋ ነበር። የተሟላ ቢሆን እንኳ ልጁ የሚማረው ቁጥር 7ን ከቁጥር 12 ጋር ማያያዝ ነው። ለአንድ ልጅ የልደት ስጦታ ይሁን እላለሁ፤ ለክፍል አይሆንም።

ድልድዩ ግን ሌላ ነገር ነው። ሊዮናርዶ በ1482 ገደማ ለሚላኑ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ሥራ ለመለመን ባዘጋጀው ደብዳቤ ላይ በመጀመሪያ የዘረዘረው ቀላልና ጠንካራ፣ ተሸክሞ የሚሄዱት ድልድይ መሥራት እንደሚችል ነው፤ ሥዕል መሣሉን ያነሣው መጨረሻ ላይ ነው። ሚላን በሚገኘው፣ የሊዮናርዶ ወረቀቶች በተሰበሰቡበት በኮዴክስ አትላንቲከስ ጥራዝ ውስጥ ያለ ምስማርና ያለ ገመድ የሚቆም ድልድይ ንድፍ አለ። ምሥጢሩ የሰሌን ምሥጢር ነው፦ እያንዳንዱ በትር ከአንዱ አግዳሚ በላይ፣ ከሚቀጥለው በታች ያልፋል። ከላይ ክብደት ሲጫነው በትሮቹ ይበልጥ ይቆላለፋሉ። አንዱን በትር ከመካከል ቢስቡት ሁሉም ይወርዳል።

እኛ በእርሳስ ጀመርን። እርሳስ ቀለሙ ያንሸራትታል፤ ሦስት ጊዜ ከግማሽ ሳይደርስ ፈረሰ፤ በአራተኛው አንዷ ልጅ አለቀሰች። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ዝም ብሎ ወጣና ከማገዶው ክምር የባሕር ዛፍ ጭራሮ ይዞ ተመለሰ፣ ልጡ ያልተላጠ። «ይሄ አይንሸራተትም ጋሼ» አለ። አልተንሸራተተም። እንጨቶቹን አንድ ክንድ አድርገን ቆረጥን፤ ውፍረታቸው እኩል እንዲሆን መረጥን፤ ዐሥራ ስድስት በትር በቃን። ድልድዩ ከተነሣ በኋላ በላዩ ላይ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት አስቀመጥን፤ ሲጫነው እንጨቱ ተንቋቋ፣ ጠበቀ፣ ዝም አለ። ልጆቹም ዝም አሉ። በቀጣዩ ሳምንት ሁለቱ ቤታቸው ሠርተው ፎቶ አንሥተው አመጡልኝ። በዚህ መለኪያ ድልድዩ ከደብተሩ ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በታች ግን እጃቸው አይበቃም፤ አራት እጅ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ።

ፓራሹቱ ፈጣን ነው፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ሲተርፍ ይሠራል። ሊዮናርዶ የሣለው እንደ ዛሬው ክብ አይደለም፤ አራት ባለሦስት ማዕዘን ጨርቆች የተገጠሙበት ፒራሚድ ነው። በ2000 አድሪያን ኒኮላስ የተባለ እንግሊዛዊ ይህንኑ በእንጨትና በሸራ አሠርቶ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ3,000 ሜትር ከፍታ ወረደበት፤ በጣም ከባድ ስለነበር መሬት ሲደርስ እንዳይጨፈልቀው በመጨረሻ ቆርጦ ጥሎ በዘመናዊ ፓራሹት አረፈ። ልጆቹ ከስስ ወረቀት ሠርተው ከሰገነት ይለቃሉ፤ ከባዱ ለምን ቶሎ እንደሚወርድና ቀላሉ ለምን እንደሚንሳፈፍ ሲከራከሩ እርስዎ ቡናዎን ይጠጡ።

ለትልልቆቹ አንድ ተጨማሪ እንቆቅልሽ አለ። የሊዮናርዶ ታንክ ንድፍ እንደተሣለው ቢሠራ የፊቱ ጎማ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የኋላው ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ከካርቶን ሁለት ጥርሳም ጎማ ቆርጠው እያዞሩ ስሕተቱን ራሳቸው ያግኙት። የታላቅ ሰው ስሕተት ያገኘ ልጅ ለሳምንት ያህል ቀና ብሎ ይሄዳል።

የመጨረሻው እራት፣ ልጅ ሲበዛ

በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በክፍል ውስጥ ዐሥራ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጆች ካሉዎት ይህ ያለ ወጪ የሚሠራ ነው። ሥዕሉ ሚላን፣ በሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራሲዬ ገዳም የመመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከ1495 እስከ 1498 ተሠራ፤ ወርዱ ወደ ዘጠኝ ሜትር ይጠጋል። ልጆቻችን የጸሎተ ሐሙስን ታሪክ ያውቁታል፤ ስለዚህ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሊዮናርዶ የመረጠው «ከእናንተ አንዱ አሳልፎ ይሰጠኛል» የተባለበትን ቅጽበት ነው፤ ዐሥራ ሁለቱን ሦስት ሦስት አድርጎ በአራት ቡድን ከፈላቸው፤ የእያንዳንዱ ፊትና እጅ ሌላ ይናገራል።

ልጆቹ በአግዳሚ ወንበር ላይ እንደዚያው ይቀመጡ። ቃል ሳያወጡ፣ በእጅ ብቻ፣ የተደናገጠውን፣ የተቆጣውን፣ «እኔ ነኝ ወይ?» የሚለውን ይሁኑ። ሌሎቹ ይሣሏቸው። ይሁዳን ማንም መሆን አይፈልግም፤ ዕጣ ያውጡ።

ሊዮናርዶ በእርጥብ ልስን ላይ በፍጥነት መሥራት ስላልወደደ በደረቀው ላይ ሣለ፤ ቀለሙ እሱ በሕይወት ሳለ መርገፍ ጀመረ። በ1943 አዳራሹ በቦምብ ሲመታ ግድግዳው በአሸዋ ከረጢት ተሸፍኖ ስለነበር ተረፈ። በ1999 የተጠናቀቀው እድሳት ሃያ ዓመት ያህል ወስዷል።

ደብተሩ

አሁን ወደምወደው ደረስኩ። የሚያስፈልገው አንድ ያልተሰመረ ደብተርና እርሳስ ነው። ቢቻል ከኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተር ይሁን፤ ሊዮናርዶም ከመታጠቂያው ጋር የሚይዘው ትንሽ ማስታወሻ ነበረው። ላጲስ አልሰጥም። በላጲስ የሚሠራ ልጅ ከሚሥለው ይልቅ የሚያጠፋው ይበዛል።

መጀመሪያ ልጆቹን የሚይዛቸው የመስታወት ጽሕፈቱ ነው። ሊዮናርዶ ግራኝ ነበር፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደሉን ገልብጦ ይጽፍ ነበር፤ በመስታወት ካልሆነ አይነበብም። ምሥጢር ለመደበቅ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ የሚመስለኝ በግራ እጁ ወደ ቀኝ ቢሄድ ያልደረቀውን ቀለም በእጁ እየጠረገ ስለሚያበላሸው ነው። በሠፈራችን በግራ እጁ በመጻፉ ሲቆጡት የኖረ ልጅ አለ። ይህን ታሪክ ስነግራቸው አንድ ቃል አልተናገረም፤ ብዕሩን ግን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረው።

ይህን ጨዋታ በፊደላችን ሞክሩት። ትንሽ መስታወት ከገጹ ጎን ይቆምና ልጆቹ የትኞቹ ፊደላት እንደማይለወጡ ያድናሉ። ሀ አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ መ፣ ሠ፣ በ፣ ተ፣ ዐ እንዲሁ። ግን ሀ ወደ ሁ ስትሄድ በስተቀኝ ያለችው ቅጥያ መስታወቱ ውስጥ በስተግራ ትወጣለች፤ ያኔ ፊደሉ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስማቸውን ገልብጠው ሲጽፉ ፊደል የቆጠሩበትን ጊዜ እንደገና ያዩታል። ለስድስት ዓመት ልጅ ይህ ብቻ አንድ ጠዋት ይበቃል።

ሁለተኛው ማየት ነው። አንድ ቅዳሜ ለምሳ ከታረደ ዶሮ አንድ ክንፍ አስቀረሁና በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩት። «ዶሮ ሣሉ» ብላቸው ኖሮ ሁሉም ያንኑ ዶሮ ይሥሉ ነበር፤ እኔ ያልኳቸው «ከዚህ ክንፍ ስንት ዓይነት ላባ አለ?» ነው። ዘረጉት፣ አጠፉት። ጫፍ ላይ ያሉት ረጃጅምና ጠንካራ፣ ሥሩ ላይ ያሉት አጫጭርና ለስላሳ መሆናቸውን አገኙ። አንዷ ልጅ አንዱን ላባ በጣቷ ፈልቅቃ መልሳ ስታለሰልሰው እንደ ዚፕ ሲገጥም አየችና ጮኸች። ከዚያ በኋላ ማንም ዞር ብሎ እኔን አላየም፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሣሉ። ሊዮናርዶ በ1505 ገደማ ስለ ወፎች በረራ የሞላው ደብተር ዛሬ ቱሪን ይገኛል፤ ገጾቹን አሳትሜ ከእነሱ ሥዕል ጎን ለጎን አኖርኩት። በቫሳሪ ወሬ መሠረት ገበያ ላይ በጎጆ የታሰሩ ወፎችን እየገዛ ይለቅ ነበር።

አዲስ አበባ ያለ ሰው ዶሮ እንኳ አያስፈልገውም፤ ከሥጋ ቤቶች በላይ የሚያንዣብበው ጭላት አለ። ክንፉን ሳያርገበግብ በጅራቱ ብቻ እንዴት እንደሚታጠፍ ልጆቹ በመስመር ይከተሉት። ወፏን መሣል አይችሉም፤ መንገዷን ግን መሣል ይችላሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ መጻፍ ነው። ሊዮናርዶ ለራሱ ከጻፋቸው የሥራ ማስታወሻዎች አንዱ «የግንደ ቆርቁርን ምላስ ግለጽ» የሚል ነው። ልጆቹ በየገጹ ግርጌ አንድ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለራሳቸው ይጽፋሉ። «አህያ ሲተኛ ጆሮውን ምን ያደርጋል?» «እንጀራ ዓይን የሚያወጣው ለምንድን ነው?» የሚሉ ተገኝተዋል። መልሱን እኔ አልሰጥም፤ ሄደው ያያሉ።

ክረምት ሲሆንና መውጣት ሲያቅት ደግሞ የሊዮናርዶ ሌላ ምክር አለ፦ እድፍ የያዘ ግድግዳ ላይ ትኩር ብሎ ተራራ፣ ወንዝ፣ ፈረሰኛ ማየት። እርጥበት የገባበት ግድግዳችን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ሰጠ።

ጥላ ሲሠሩም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የሊዮናርዶ የጥላ መስመሮች ከላይ ከግራ ወደ ታች ወደ ቀኝ ይወርዳሉ፤ የግራኝ እጅ ምልክት ነው። ልጆቹ የራሳቸውን መስመር ዐይተው ማን በየትኛው እጅ እንደሠራ ይለያሉ።

ኢንተርኔት ላላቸው፣ በእንግሊዝ ንጉሣዊ ስብስብ ውስጥ ከ500 በላይ የሊዮናርዶ ንድፎች አሉ፤ በዊንዘር ቤተ መንግሥት ይቀመጣሉ፤ በድረ ገጹ በነጻ ይታያሉ። አንዱ ገጽ በድመቶች የተሞላ ነው፤ ይተኛሉ፣ ይጣላሉ፣ ይላሳሉ። ከድመቶቹ መካከል አንድ ዘንዶ ተደብቋል። ይህን ሳትነግሯቸው ገጹን ስጧቸው።

ሙዚየም ለሚቀርባቸው

ዋሽንግተንና አካባቢው ላሉ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ምርጫው ቀላል ነው። ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት መግቢያ አያስከፍልም፤ በአሜሪካ አህጉር ለሕዝብ የሚታየው ብቸኛው የሊዮናርዶ የቀለም ሥዕልም እዚያ ነው፤ የጂኔቭራ ዴ ቤንቺ ምስል። ከኋላዋ ያለው ጥቁር ዛፍ ጥድ ነው። ጥድ በጣሊያንኛ ጂኔፕሮ ይባላል፤ ስሟን በዛፉ ሰምና ወርቅ አድርጎ ሠርቶባታል። ሥዕሉ በጀርባውም ተሥሏል፤ ዞረው ቢያዩ የጥድ ዘለላ በዘንባባና በሎሬል ተከቦ ያገኛሉ። ስማችን ትርጉም ላለን ለእኛ ይህ የተዘጋጀ የቤት ሥራ ነው፦ በወረቀቱ ፊት የራስ መልክ፣ በጀርባው የስም ትርጉም። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥድ የሚያስታውስ አያት አብሮ ካለ ደግሞ ጨዋታው ይደምቃል።

ለንደን ያሉ ናሽናል ጋለሪ በነጻ ይገባሉ፤ «የዐለቶቹ ድንግል ማርያም» የምትባለው የሊዮናርዶ ሥዕል እዚያ አለች። ፓሪስ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሉቭር አይከፍልም፤ ግን ሕፃን ይዞ በሞናሊዛ ፊት ሰልፍ መግፋት አልመክርም፤ የሚያየው የሰው ጀርባና የተነሣ ስልክ ነው። ሚላን የመጨረሻውን እራት ለማየት አስቀድሞ ቦታ መያዝ ግድ ነው፤ የሚፈቀደውም ሩብ ሰዓት ብቻ ነው፤ ለትንሽ ልጅ ይህ በቂ ነው እንዲያውም። እዚያው ሚላን በስሙ የተሰየመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሙዚየም ከንድፎቹ የተሠሩ ሞዴሎች አሉት፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል።

እንግዲህ የትኛው?

ልጅዎ ከሰባት ዓመት በታች ከሆነ በመስታወት ጽሕፈቱ ይጀምሩ፤ በሳምንቱ ቼቺሊያንና እንስሳዋን ያሳዩት። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ከሆነ ጋሻው፣ ከዚያ የዶሮ ክንፍ። ዐሥር የሞላው፣ በተለይ ሥዕል አልወድም የሚል ልጅ፣ በጭራሮ ድልድይ ይግባ፤ ንድፍ የሚያስፈልገው መሆኑን ራሱ ይደርስበታል። አዳራሽ ሙሉ ልጅ ካለዎት እራቱን። ገንዘብ ለማውጣት የቆረጡ ከሆነ ከሚገጣጠመው ካርቶን ይልቅ ጥሩ ወረቀት ያለው ደብተርና ትንሽ የማጉያ መነጽር ይግዙ።

ሞናሊዛን አልተውኳትም። አሁን የማወጣት በስድስተኛው ቅዳሜ ነው፣ ደብተራቸው ግማሽ ከሞላ በኋላ። ባለፈው ዙር ያቺ ቅንድቡን የጠየቀችኝ ልጅ እንደገና ነበረች፤ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። ቫሳሪ በመጽሐፉ የሞናሊዛን ቅንድብ ፀጉሩ ከቆዳው እንዴት እንደበቀለ ጭምር አድንቆ መጻፉን ነገርኳት። ሥዕሉን ቀርባ አየች፤ ወደ እኔ ዞረች፤ ከዚያ ደብተሯን ገልጣ በገጹ ግርጌ ጻፈች፦ «ቅንድቡ የት እንደሄደ ፈልጊ።»